ታንጎ ሊማ፣ እዚያው ዙሪ

ጥቅምት 4

ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። አራት ፎቅ በእግር። ሁለተኛው ላይ ቆሜ ስልክ የማይ መስዬ ተነፈስኩ።

ሥራ እንደወትሮው። ሁለት ሙሉ መንጋጋ ሰው ሠራሽ ጥርስ ጨረስኩ። ጥርስ ሐኪሙ ባለፈው የሠራሁትን መልሶ ልኮታል፤ "ሴትዮዋ ስትስቅ ይወልቃል" ብሎ። አትሳቅ እንግዲህ... ጮክ ብዬ ልለው ስል አለቃዬ ገባ። መልሼ ሞረድኩት።

ቤት ስደርስ ልብስ ሰፊዋ የስፌት ማሽኗን እየሸፈነች ነበር። ከእኛ በታች ነው የምትኖረው። ቀን ቀን እኛ ሳሎን እየሰፋች አባዬን ትጠብቅልኛለች።

"ዛሬስ?" አልኳት።

"ዛሬም እሺ።"

የሁለታችን ቀልድ ነው። አባዬን ስትሮክ ከመታው ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ከአፉ የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሺ። ምሳ በላህ? እሺ። ብርድ አለ? እሺ። እሷም ቀሚስ ዘርግታ "አባባ፣ አጠረ ወይስ ረዘመ?" ትለዋለች። እሺ።

ድሮ የአውሮፕላን ተቆጣጣሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ፣ ራዳር ፊት ተቀምጦ። ሰማይ ላይ ያለውን ሁሉ "አሁን አይሆንም፣ ተራህን ጠብቅ" ሲል ኖሮ ጡረታ ወጣ። አሁን "አይሆንም" የሚለው ቃል ጠፋበት።

ከእራት በፊት ትንሽ በረርኩ።

ጥቅምት 7

ወንድሜ ጋሼ ደወለ። "ወሩ ሳያልቅ እንመጣለን። ስለ አባዬ ቁጭ ብለን እንነጋገር።"

ምኑን? አልጠየቅኩትም።

ጥቅምት 10

የሆነ ነገር ሆነ። ወይስ እኔ ነኝ የሰማሁት? ቀስ ብዬ ልጻፈው።

"በረርኩ" የምለው ኮምፒውተር ላይ ነው። መሪ አለኝ፣ የእግር መርገጫ አለኝ፣ አንዲት ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን አለችኝ። ጋሼ "ጨዋታሽ" ይላታል። አባዬም ጤነኛ ሳለ ዞር ብሎ አላያትም። "ዕድሜዬን ሙሉ እውነተኛውን ሳይ ኖሬ አሁን ደግሞ ሥዕሉን ልይ?" ይል ነበር።

ዛሬ ደመና ሞልቶበት፣ ማረፊያው ተጨናንቆ፣ የኮምፒውተሩ ተቆጣጣሪ "ሆልድ" አለኝ። ሆልድ ማለት ቆይ ማለት ነው። አውሮፕላን ግን እንደ ሰው በሩ ላይ አይቆምም። ከቆመ ይወድቃል። ስለዚህ ይዞራል። ካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይሰጡሃል፤ ወደ ነጥቡ ትበራለህ፣ ትዞራለህ፣ አንድ ደቂቃ ትርቃለህ፣ ትዞራለህ፣ ትመለሳለህ። የሩጫ ሜዳ መስመር ይመስላል። ና እስክትባል።

የእኔ ነጥብ ኪላቦ ትባላለች። ነጥቧን አለፍኩና ወደ ግራ አጠፍኩ።

ከኋላዬ፣ ከሶፋው፣ "ራይት ተርን" የሚል ድምፅ፤ በቀኝ ዙሪ።

ዞርኩ። አባዬ ስክሪኑን እያየ ነው። ግንባሩ ተቋጥሯል።

"አባዬ? ምን አልክ?"

"እሺ" አለ።

አውሮፕላኗ ወደ ግራ እየሄደች ተራራ ገጨች። እኔ ግን እሱን እያየሁ ነበር።

ጥቅምት 11

አባዬን ለምታየው የንግግር ባለሙያ ነገርኳት። አልገረማትም፤ እኔ ነኝ የተገረምኩት። "አንድ ሰው ሺህ ጊዜ ያለው ነገር የሚቀመጠው ሌላ መሳቢያ ውስጥ ነው" አለች። "ቆጠራ፣ ስድብ፣ ዘፈን... ሌላው ሲጠፋ እሱ አንዳንዴ ይተርፋል። ሥራቸው ምን ነበር አልሽኝ?"

ነገርኳት።

"እንግዲያው መሳቢያውን ክፈቺዋ! ግን ብዙ ተስፋ አታድርጊ።"

አላደረግኩም። በአውቶቡስ ወደ ቤት ስመለስ ግን ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።

ጥቅምት 15

አሮጌውን ኮምፒውተር ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ከእኔው ጋር በገመድ አገናኘሁት። አሁን እኔ ስበር በአሮጌው ስክሪን ላይ እንደ ራዳር ነጥብ እታያለሁ። አባዬን ጠረጴዛው ማዶ አስቀመጥኩት፣ የጆሮ ማዳመጫ አጠለቅኩለት፣ የማይኩን ማብሪያ በደህናው እጁ አስያዝኩት።

እኔም የራሴን አጠለቅኩ። የምን መርበትበት ነው? አባቴ ነው እኮ።

"ይኼ ታንጎ ሊማ ነው። ሰባት ሺህ ጫማ ላይ። ወደ ኪላቦ።" የአውሮፕላኗ መጠሪያ ታንጎ ሊማ ነው። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው የሚባለው፤ እዚህ ግን በእኛው እጽፈዋለሁ፣ ማን ያየኛል።

ማብሪያው ቀጭ አለ። ከዚያ፦

"ታንጎ ሊማ፣ ኪላቦ ላይ ሆልድ። መግቢያ ሁለት መቶ ሰባ ዲግሪ። በቀኝ ዙሪ። ሰባት ሺህ ላይ ቆዪ።"

ሳይንተባተብ። ሳይቸኩል። እቤት የማውቀው ድምፅ አይደለም፤ የሥራ ቦታው ድምፅ ነው። ልጅ ሆኜ አንዴ ወስዶኝ ከበሩ ጀርባ የሰማሁት።

ግን አንድ ነገር ጎደለው። ሰዓቱ። ሆልድ ያለህ ተቆጣጣሪ መጨረሻ ላይ "ቀጣዩን ፈቃድ በዚህ ሰዓት ጠብቅ" ማለት አለበት። ያለሱ አብራሪው እስከ መቼ እንደሚዞር አያውቅም። ነዳጁንም ማስላት አይችልም።

"ታንጎ ሊማ፣ እስከ ስንት ሰዓት?" አልኩ።

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"እሺ" አለ።

ዞርኩ፣ ዞርኩ። ድስቱ እስኪያርር። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት፤ እዚያው ሰማይ ላይ እንዳለሁ።

ጥቅምት 18

በየቀኑ ከሥራ መልስ። ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ልብስ ሰፊዋ "ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ያንን የጆሮ ነገር እያየ ነው፤ ምን አስነካሽው?" አለችኝ።

ሁልጊዜ ሆልድ ነው። ሁልጊዜ ሰዓት የለውም። እረፊ ብሎኝ አያውቅም። ያ መሳቢያ ባዶ ነው መሰል። ኮምፒውተሩን ሳጠፋው ብቻ ነው የሚያልቀው። እስካሁን አንድም ቀን አላረፍኩም።

ጥቅምት 21

ዙሩ ቀላል ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ነጥቡ ጋ ከየት በኩል እንደመጣህ አይተህ ነው የምትገባው፤ ሦስት ዓይነት አገባብ አለ። አንደኛው "የእንባ ጠብታ" ይባላል፣ ቅርጹ ስለሚመስል። ነጥቡ ጋ ሳትደርስ ፍጥነት መቀነስ አለብህ። ነፋሱ ከገፋህ በገፋህ ልክ አፍንጫህን ወደሱ ማዞር አለብህ። አጥብቤ ስዞር አባዬ ምላሱን ጠቅ ያደርጋል። በፍጥነት ስገባም ጠቅ። ሠርጌ ላይ እንኳ እንዲህ አልተቆጣኝም፤ ትዳሩም አልቆየ፣ ያን ጊዜ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ደክሞኛል። ሆልድ አለኝ። የተባልከውን መልሰህ መድገም ግዴታ ነው፤ ተቆጣጣሪው በትክክል መስማትህን የሚያውቀው በዚያ ነው። ደገምኩለት፦ "ኪላቦ ላይ ሆልድ፣ ሁለት መቶ ሰባ፣ በግራ እዞራለሁ..."

"ኔጌቲቭ።"

መሪውን ለቀቅኩት።

"ኔጌቲቭ። በቀኝ።"

ኔጌቲቭ ማለት አይደለም ማለት ነው። ከዓመት በላይ ቆይቶ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው "አይደለም"። ማዳመጫዬን አውልቄ ኩሽና ገባሁና ቧንቧ ከፈትኩ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ሾርባ ይዤ መጣሁ። "አባዬ፣ ጨው ይጨመር?" እሺ። "አይጨመር?" እሺ። ተመልሶ ተዘጋ ማለት ነው?

ቆይ፣ ቆይ... መጠየቅ አይሠራም። ሥራ ቦታው ማንም ጠይቆት አያውቅማ። ደግመውለት ነው የሚያውቁት። ማይኩን አበራሁ። እሱ ያዘዘኝ ይመስል ደገምኩለት፦ "ታንጎ ሊማ፣ ሾርባ አንድ ሳህን፣ ጨው የሌለው።"

አየኝ። አእምሮዋን ሳተች እንዴ? በሚል ዓይን።

"ኔጌቲቭ" አለ።

ሐኪሙ ጨው ከልክሎታል። ትንሽ ጨመርኩለት።

ጥቅምት 29

ጋሼና ሚስቱ መጡ። ጋሼ አራቱን ፎቅ ወጥቶ ሲገባ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። "ይኼን ደረጃ አባዬ እንዴት ነው የሚወርደው?" የመጀመሪያው ቃሉ። ሰላምታ ኋላ መጣ።

እቅዳቸው ይኼ ነው። ቤታቸው መሬት ላይ ነው። ግቢ አለው። መስኮቱ ወደ ግቢ የሚያይ ክፍል አዘጋጅተዋል። አጠገባቸው እንቅስቃሴ የሚያሠራው ባለሙያ አለ፣ እጁንም አፉንም። "አንቺም ትንሽ አረፍ ትያለሽ፣ እህትዬ" አለች ሚስቱ። ደግ ሴት ናት። ደግነቷ ያናድደኛል።

ጋሼ ወደ አባዬ ዞረ። "አባዬ፣ እኛ ጋ መሄድ ትፈልጋለህ?"

"እሺ።"

"ይኸው! በራሱ አፍ!"

"አባዬ" አልኩ እኔ፣ "እዚሁ ከኔ ጋ መቅረት ትፈልጋለህ?"

"እሺ።"

"ይኸውልህ።"

ተጨቃጨቅን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንዲት እሺ ይዘን ስንጓተት። አባዬ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ሚስቱ ብርጭቆ ሰበሰበች።

ሲወጡ ጋሼ በሩ ላይ ያዘኝ። "ሚጢጢ..." ይለኛል እስካሁን፤ አርባ አልፎኛል። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ ይቅር የምትይው ለሱ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?"

"ደረጃው ላይ መብራት የለም፣ ተጠንቀቁ" አልኩት።

በወር ውስጥ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ለመጨረሻ ውሳኔ። ስለ ሬዲዮው አልነገርኩትም። ጨዋታ ይለዋል ብዬ ነው። እውነት ለዚያ ነው?

ኅዳር 3

አለቃዬ ስለ ስልጠናው እንደገና ጠየቀኝ። ሌላ ከተማ፣ ስድስት ወር፣ አዲሱን የጥርስ ማሽን። ዓምና አንዴ ጠይቆኝ ነበር።

"ትንሽ ይቆይ" አልኩት። ዓምናም ያልኩት ይኼንኑ ነው።

ኅዳር 8

አባዬን ለምርመራ ማውረድ ነበረብኝ። ወረድን። ስንመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። አልወደቅንም፤ ቁጭ አልን እንጂ። ሁለታችንም ደረጃው ላይ፣ የሰው በር ፊት ለፊት። የእሱ ክንድ አንገቴ ላይ እንደተጠመጠመ።

"አባዬ፣ ትንሽ እንረፍ።"

"እሺ።"

"ደክሞኛል።"

"እሺ።"

ያቺን እሺ ጠላኋት። አለቀስኩ፣ እንዲሁ። እሱ በደህናው እጁ መሐረብ ከኪሱ ለማውጣት ታገለ፤ ኪሱ በሌላው በኩል ነው፣ አልደረሰም። ልብስ ሰፊዋ ድምፅ ሰምታ ወጣች፤ ባሏንም ጠራች፤ አወጡን።

ማታ በረራውን ልተወው ነበር። እሱ ግን ማዳመጫውን ራሱ አጠለቀ። በረርኩ።

ሆልድ አለኝ። ዞርኩ። ከአሥራ አምስት ዙር በኋላ ድምፁ መጣ፣ ያልጠበቅኩት።

"ታንጎ ሊማ፣ ነዳጅሽ ለስንት ጊዜ ይበቃል?"

ተቆጣጣሪ ለረጅም ጊዜ የሚዞር አውሮፕላን ሲያይ የሚጠይቀው ነው። አዲስ ነገር ነው! ሌላ መሳቢያ ተከፈተ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መልሱን ግን አየሁት፤ መለኪያው ሙሉ ነው። ሁልጊዜም ሙሉ ነው። ጨዋታው ነዳጅን "የማያልቅ" ላይ ማድረግ ይፈቅዳል፤ አድርጌዋለሁ። የሚገደኝ ነገር አልነበረም።

"ለአምስት ሰዓት" አልኩ።

"ኔጌቲቭ። ድገሚ።"

"ለአምስት ሰዓት።"

አባዬ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቀስ አድርጎ። ያቺን ዓይነት ትንሽ አውሮፕላን ያውቃታል፤ ስንት ነዳጅ እንደምትይዝም። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትዞር አይቷታል።

ኅዳር 9

ነዳጁን ወደ እውነተኛው መለስኩት።

ኅዳር 16

አሁን ልጠይቀው እችላለሁ። ማለትም ልደግምለት። "አባዬ እዚህ ይቀራል" ብዬ ብደግምለት ስህተት ከሆነ ይነግረኛል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልብስ ሰፊዋ እንኳ አስባዋለች፤ "ለምን በዚያ ነገራችሁ አትጠይቂውም?" አለችኝ መርፌዋን በጥርሷ ይዛ።

"ጊዜ አላገኘሁም" አልኳት።

በየቀኑ ፊት ለፊቱ እየተቀመጥኩ።

ፈርቻለሁ። ምን እንዳይል? ልሄድ ካለኝ የኔ ቀን ምን ሊሆን ነው? ጠዋት ለማን ተነሥቼ፣ ማታ ለማን ተጣድፌ... ሥራዬ፣ ደረጃው፣ ሾርባው፣ ኪላቦ። ሌላ ምን አለኝ? ጋሼ በሩ ላይ የጠየቀኝ ይኼን ነበር ማለት ነው። የተረገመ።

ኅዳር 24

መጡ። ጋሼ ትልቅ ሻንጣ ይዞ፣ ባዶ። አባዬ እንዳያየው ከበሩ ጀርባ አስቀመጠው፤ አባዬ አየው።

ከመቀመጣቸው በፊት ነገርኳቸው። ስለ መሳቢያው፣ ስለ መድገሙ፣ ስለ ኔጌቲቭ። ጋሼ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሚስቱ "ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽንም?" አለች፣ ያለ ቁጣ። "አሁን ነገርኳችሁ" አልኩ።

ኮምፒውተሮቹን አበራሁ። አባዬ አንገቱን ቀና አደረገ። ጋሼ ከጀርባው ቆመ፣ እጁን አጣምሮ፣ ፈተና እንደሚያይ ሰው። ተነሣሁ፣ ወደ ሰባት ሺህ ወጣሁ፣ ኪላቦ ጋ ደረስኩ። ሆልድ ተባልኩ። ገባሁ። ጥሩ ገባሁ፤ ምላሱ ጠቅ አላለም። ዞርኩ። ነዳጄን አየሁ፤ ሆን ብዬ ትንሽ ነበር ያስቀዳሁት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ ዛሬ ነው የገባኝ።

የትኛውን ልደግም? ማታለል ይቻላል። "አባዬ ይሄዳል" ብል፣ ቢያመነታ፣ ዝም ቢል... ዝምታውን ለራሴ እተረጉመው ነበር። ተቆጣጣሪን ግን እንደዚያ አይደረግም። የምፈልገውን ደገምኩ፤ ስህተት ከሆነ እሱ ያርመው።

"ታንጎ ሊማ፣ እዚሁ እዞራለሁ። አባዬ ከኔ ጋር፣ እዚህ ቤት ይቀራል።"

ማብሪያው ቀጭ።

"ኔጌቲቭ።"

ጋሼ የተጣመረ እጁን ፈታ። ሚስቱ "ውይ" አለች። ማንም አላየኝም፤ ደግ አደረጉ።

"ታንጎ ሊማ... አባዬ ወደ ጋሼ ቤት ይሄዳል።"

"የደገምሽው ትክክል ነው።"

ትክክል ነው። እንደዚያ፣ በሥራ ድምፁ። ዓመት ሙሉ ያንን "አይደለም" ስፈልግለት ኖሬ፣ ሳገኝለት ለእኔው ሆነ። በጣም ከፋኝ። በጣም። ማዳመጫውን ላወልቅ እጄ ተነሣ።

"ታንጎ ሊማ" አለ ደግሞ። ስክሪኑን አልነበረም የሚያየው። በስክሪኖቹ መካከል እኔን ነበር። "ነዳጅሽ ለስንት ጊዜ ይበቃል?"

መለኪያውን አየሁ። መለኪያውን ማየት አያስፈልገኝም ነበር። ያ ደረጃ፣ ያ መሐረብ።

"ሚኒመም ፊውል" አልኩ። ነዳጄ አልቋል ማለት አይደለም። ከዚህ በላይ አታቆዩኝ ማለት ነው። አብራሪ እስኪጨንቀው አይለውም።

ጋሼ "ምን አለች? ምን ማለት ነው?" አለ ለሚስቱ። ሚስቱ "ዝም በል" አለችው።

ቀጭ።

"ተቀብያለሁ፣ ታንጎ ሊማ። ከእንግዲህ መዘግየት የለም።" ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ፊቱ ቀላ፤ ጋሼ ሊረዳው ጎንበስ ሲል በክንዱ ገፋው። "ሆልዱ ተሰርዟል። ለማረፍ... ለማረፍ ተፈቅዶልሻል።"

ደገምኩለት። ኪላቦን ለቅቄ ወረድኩ። ደመናውን አልፌ መብራቶቹን አየሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሜዳው ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። አስቀያሚ አስተራረፍ ነበር። ነጠረች፣ እንደገና ነጠረች፣ ከሣሩ ጋ ቆመች።

"ይኼ አረፈ ይባላል?" አለ ጋሼ።

"እሺ" አለ አባዬ።

ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ፣ በግማሽ ፊቱ።

ኅዳር 27

ሄዱ። ጋሼና የልብስ ሰፊዋ ባል ተጋግዘው አወረዱት። እኔ ማዳመጫውን ይዤ ከኋላ። መኪናው ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ክረምት ምሽት ላይ ይለብሳት የነበረችውን ሹራብ ረሳኋት።

ኅዳር 29

ሊፍቱ ዛሬ ተሠራ። አሁን! ለብቻዬ ወጣሁ፣ በመስተዋቱ ራሴን እያየሁ። የተሳደብኩትን አልጽፈውም።

ታኅሣሥ 4

ቤቱ ሰፋ። ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን አልወሰደችም፤ "እዚህ ብርሃኑ ይሻላል" ትላለች። አይሻልም። ስገባ የምታወራው ሰው ታገኛለች፤ የሰው ቀሚስ ዘርግታ "አጠረ ወይስ ረዘመ?" ትለኛለች። "እሺ" እላታለሁ።

ናፈቀኝ።

ታኅሣሥ 9

አለቃዬን ወደ ስልጠናው እሄዳለሁ አልኩት። "ይቆይ ትያለሽ ብዬ ሌላ ሰው አስቤ ነበር እኮ!" አለ። ሌላውን ሰው እንዲሰርዘው ነገርኩት። በጥር ይጀምራል።

ታኅሣሥ 15

አሮጌውን ኮምፒውተር ለጋሼ ልኬለት ነበር፤ ዛሬ ስልክ ላይ፦ "ያ ገመድሽ ከየት ወደ የት ነው የሚሰካው?" ግማሽ ቀን አስረዳሁት። ጨዋታ የሚለው ሰውዬ አሁን ስለ ኢንተርኔቱ ፍጥነት ይጨነቃል። አባዬ እንቅስቃሴ የሚያሠራው ባለሙያ ጋ መሄድ ጀምሯል። እጁ ትንሽ ተንቀሳቅሷል። አፉ ያው ነው፤ እሺ።

ጥር 6

የስልጠናው ከተማ። የተከራየኋት ክፍል ጠባብ ናት፤ መሪውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ነው ያሰርኩት። እግር መርገጫው አልጋ ሥር ነው የሚቀመጠው። ዛሬ የጥርስ ማሽኑን ሳስተካክል እጄን አቃጠለኝ፤ አሠልጣኛችን "የሸክላ ጥርስ በትዕግሥት እንጂ በጉልበት አይሠራም" አለችኝ።

ከስልጠና መልስ ተገናኘን። የጋሼ ቤት ወዲያ፣ እኔ እዚህ። ከማዳመጫው ኋላ የቤታቸው ድምፅ ይሰማል። ሳህን፣ በር፣ የጋሼ ሚስት ስትስቅ።

"ይኼ ታንጎ ሊማ ነው። ሰባት ሺህ ላይ። ወደ ኪላቦ።"

"ታንጎ ሊማ፣ ኪላቦ ላይ ሆልድ። መግቢያ ሁለት መቶ ሰባ። በቀኝ ዙሪ። ሰባት ሺህ ላይ ቆዪ።"

ሁልጊዜ የሚያቆምበት ቦታ። ማብሪያው ግን አልተለቀቀም፤ ሽው የሚለውን እሰማለሁ። እስትንፋሱንም። አልረዳሁትም። አልጠየቅኩትም።

"ቀጣዩን ፈቃድ..." አለ። "ቀጣዩን ፈቃድ በአሥራ ሁለት ከሩብ ጠብቂ።"

ሰዓት ሰጠኝ።

ሰዓቴን አየሁ፤ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። ደገምኩለት፤ ሁሉንም፣ ሰዓቱንም፣ ሳልሳሳት። ነጥቡን አልፌ ወደ ቀኝ ስዞር በማዳመጫው ውስጥ የጋሼ ድምፅ መጣ፣ ከሩቅ።

"አባዬ፣ እራት ቀርቧል። ትመጣለህ?"

እሺ ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። መብራቱን ሊያጠፉ፣ ማዳመጫውን ሊያወልቁለት...

"ቆይ" አለው አባዬ።

በእኛው ቋንቋ። ለጋሼ። ቆይ።

ወዲያ ማዶ ሳህኑም በሩም ዝም አለ። እኔም ምንም አላልኩ፤ ሬዲዮ ላይ የግል ወሬ አይወራም። አንድ ደቂቃ ራቅኩ፣ ዞርኩ፣ ወደ ኪላቦ ተመለስኩ። ገና ጊዜ ነበረኝ።